አሥራ አንድ ክንድ

«አዛናው አያልነህ» ሲል ተጣራ ጭቃ ሹም ቢሻው፣ ልጁ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ እያየው።

«አለሁ።»

«አልሰማሁም።»

«አለሁ አልሁ እኮ።»

ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ጭቃ ሹሙ የሌላውን ስም አንዴ ጠርቶ ያልፋል፤ የአዛናውን ግን ሁለቴ ሳያስመልስ አይለቅም። ከቁሐር ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ከሾላው ሥር፣ ስልሳ ሁለት ወንዶች ተከበው ተቀምጠዋል። መስከረም ከገባ ሃያ ሁለት ቀን ቢሆነውም ክረምቱ ከመሬቱ አልወጣም፤ ሣሩ ሲቀመጡበት ውኃ ይተፋል፣ ትንኙም ዓርብ ነው ብሎ አይጾምም። ስንቅ ከየቤቱ ይመጣል፣ ሰው ግን አይወጣም። አውጫጭኝ ነው።

በመስቀል ዋዜማ ማለዳ የጭቃ ሹሙ ትልቁ በሬ ቋንጃው ተቆርጦ ተገኘ። ሥጋው እንኳ በወጉ ለመስቀል አልደረሰም፤ ጭቃ ውስጥ ሲንፈራገጥ ውሎ ሞተ፤ በዓሉ እንዳለፈም አውጫጭኙ ተጠራ። እንዲህ ያለ ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲታጣ ቤት ያለው ወንድ ሁሉ ይሰበሰባል፣ አጥፊው እስኪወጣም አይበተንም። ያየ ወይም የሰማ ሰው ወደ ሽማግሌዎቹ ቀርቦ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ በጆሯቸው ስም ይጥላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። መጨረሻ ላይ ሁሉም በየተራው «ሌላ ያየሁት የለም» ብሎ በሚካኤል ይምላል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ።

አዛናው ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አባቱ ስለሞተ ግን የመሬቱ ግብር በእሱ ስም ነው፣ ስለዚህ ቤት ያለው ወንድ ነህ ተባለ። ጭቃ ሹሙ ይህን ሲል ደስ እያለው ነበር፤ ለምን ደስ እንዳለው የማያውቅ ሰው ከስልሳ ሁለቱ መካከል አልነበረም።

ነገሩ የስም ዝርዝሩ ነው። ባሕር ዳር ወዳለው አዲሱ የምህንድስና ትምህርት ቤት ለመግባት ሐምሌ ላይ ጎንደር ፈተና ተሰጥቶ ነበር። ከጠቅላይ ግዛቱ ከሦስት መቶ በላይ ልጅ ተፈትኖ አሥራ አራት ተመረጠ። አዛናው ሦስተኛ ወጣ፤ በሒሳብ ዘጠና ስድስት። የጭቃ ሹሙ ልጅ ደሳለው ስሙ ከመስመሩ በታች ነው የተጻፈው፤ አንደኛ ተጠባባቂ። ምዝገባው ዛሬ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ከጎንደር የሚመጣው አውቶብስ ስድስት ሰዓት ላይ ወረታን ያልፋል፣ ከቁሐር ወረታ ደግሞ በዚህ ጭቃ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አዛናው አሥራ ስምንት ያልፈዋል፤ ትምህርት ቤቱ ከአሥራ ስምንት በላይ አይቀበልም። ዛሬ ካልሄደ መቼም አይሄድም።

ደሳለው ቤት ስለሌለው አውጫጭኙ አይመለከተውም። ሦስቱንም ቀን የአባቱን በቅሎ ጭኖ ከክቡ ዳር ይቆማል። ዛሬ ጠዋት ጠጋ ብሎ፣

«ምዝገባው ላይ ስምህ ሲጠራ ‹አለሁ› የሚል ከታጣ ቀጥሎ የሚጠራው ማን ይመስልሃል?» አለው።

«አንተ። በአርባ አንድ።»

«አርባ አንድ ውጤትም ቢሆን በቅሎ ላይ ከተቀመጠ ይደርሳል» አለ ደሳለው፤ ጫማው ላይ የነካችውን ጭቃ በሣር ጠራረገ። ደብረ ታቦር አንድ ክፍል ሲማሩ የቤት ሥራ እየቀዳ ያለፈ ልጅ ነው፤ ዛሬ አፍ አወጣ።

አዛናው ግን ከደሳለው የበለጠ የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነበረው። በሬውን ማን እንደቆረጠ ያውቃል።

በዚያ ማለዳ የእናቱን ላም ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ጉሙ ብድግ ሲል በሬው ወድቆ አየ፣ ከበሬው ጎን ደግሞ አጎቱ አንለይ ማጭዱን ሣር ላይ እየጠረገ ቆሟል። ተያዩ። አንለይ ቀስ ብሎ መጥቶ ክንዱን ያዘውና እንዲህ አለ፦

«አንተ ለካህልኝ፣ እኔ ቆረጥሁት። አፍህን ከከፈትህ ሁለታችንም ነን።»

ይህ አባባል ባዶ ማስፈራሪያ ቢሆን ኖሮ አዛናው እንዲህ ባልታመመ ነበር። እውነት ስለነበረበት ነው ያመመው።

የፎገራ መሬት እንደ ሌላው አገር መሬት አርፎ አይቀመጥም። ክረምት ርብ ሞልቶ ሲተኛበት የድንበሩን ምልክት ደለል ይውጠዋል፤ ውኃው ሲሸሽ ጎረቤትና ጎረቤት በጠፍር እየለካ እንደገና ይካለላል። ጠፍር የቆዳ ገመድ ነው፤ የቁሐሩ ሃያ ክንድ ነው። አምና በኅዳር ሚካኤል አዛናው ለበዓል ሲመጣ አጎቱ ከጭቃ ሹሙ ጋር የሚዋሰንበትን ማሳ እንዲለካለት ለመነው። ማሳው ሁለት መቶ አርባ ክንድ መሆኑ ከጥንት የታወቀ ነው። አዛናው ለካና ታቦት አጅቦ በመጣ ሕዝብ ፊት «ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝ» አለ። «አሥራ አንድ ክንድ ተገፍቷል።»

ሕዝቡ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ጠቆረ። አንለይ ዓመቱን ሙሉ ወረታ ዳኛ ፊት ሲመላለስ ከረመ፣ ምስክር አጣ፣ ተረታ። አዛናው ግን በአገሩ ላይ ስም ወጣለት፤ ሽማግሌ ሳይቀር «ቀማሪው» ይለው ጀመር። ይህ ስም እንዴት እንደጣፈጠው እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሐምሌ ላይ፣ ጎንደር በፈተናው አዳራሽ፣ የሒሳቡ አሥራ ሰባተኛ ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ ሃያ ሜትር የሆነ ገመድ ርሶ አንድ ሜትር ተለጠጠ፤ በዚህ ገመድ ሁለት መቶ ሃያ ሜትር ተብሎ የተለካ መሬት ትክክለኛ ርዝመቱ ስንት ነው? አዛናው በአንድ ትንፋሽ ሠራው። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ። ከአዳራሹ ወጥቶ ደረጃው ላይ ሲደርስ ቆመ። የቁሐር ጠፍር ኅዳር ላይ ጭቃ ለጭቃ ሲጎተት የዋለ እርጥብ ቆዳ ነበር። የማሳውን ቁጥር አስገብቶ እዚያው አሰላው፤ ሁለት መቶ አርባ ገደማ ወጣ። ቢሻው በብዙ ነገር ሌባ ነው፣ በዚህ ማሳ ግን አንዲት ክንድ አልገፋም ነበር።

ሐምሌ ለአጎቱ ሊነግረው ይችል ነበር፣ ነሐሴም እንዲሁ። «ቀማሪው ተሳሳተ» መባልን ፈራ። ባሕር ዳር ተመዝግቤ፣ ሰውም ከረሳው በኋላ እያለ አቆየው። ላም ባልዋለበት ኩበት እንዲለቅም አጎቱን የላከው እሱ ነው፤ በሬውም ሞተ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ወፎቹ አንድ ቦታ ላይ ማረፍ ጀመሩ። ሰዉ ደክሞታል፣ ሽንብራ የሚዘራበት መሬት እየጠበቀው ነው፣ ስለዚህ የማንም ወገን ያልሆነ ሰው ይፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በቁሐር አንድ ብቻ ነው፤ ከይፋግ የመጣው ሸማኔ ደብሬ። ሁለት ዓመት አገራቸው ላይ ሸምኖላቸዋል፣ የለበሱትን ጋቢ ግማሹን እሱ ነው የሠራው፣ ግን ዘመድ የለውም። መጀመሪያ አንዱ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ አንሾካሾከ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አራት ሆነው ተከታተሉ። ሲመለሱ ደብሬን አላዩትም፤ ዓይናቸውን ጭቃው ላይ ጥለው ቦታቸውን ያዙ።

ደብሬ የዋህ ሰው አይደለም። የሚሆነው ገብቶታል። ወደ አዛናው ዞሮ፣

«አንተ በቁጥር ትበልጣለህ አሉ። እስቲ አስላልኝ፣ ስልሳ ሁለት ሰው ውስጥ ስሙ የሚጠራው ሁልጊዜ የኔ የሚሆነው ስለምን ነው?» አለው።

መልሱን ሳይጠብቅ አዛናው እግር ሥር ትፍ አለና ዞረ።

እናቱ ገላነሽ ስንቁን ይዛ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ወንድሟ አንለይ እንዳደረገው ታውቃለች፤ አዛናው ነግሯት ነበር። ከክቡ ዳር ሆና ዳቦውን እያቀበለችው በለሆሳስ ብዙ አለችው፤ ሸማኔው ዕቃውን ይዞ ወደ አገሩ ቢሄድ አይሞትም፣ አንለይ ግን ከታሰረ ስድስት ልጆች አሉት፣ ወረታም መኪናው ቆሞ አይጠብቅም እያለች። ስትሄድ እጁን ጨብጣ፣

«መማሉን ማልና ሂድ። ንስሐውን እኔ እጾምልሃለሁ» አለችው።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ተነሥተው ስሙ እንደወጣ ነገሩ። ሁለት ሰዎች የደብሬን እጅ በገዛ ጋቢው ጫፍ አሰሩት። ጭቃ ሹሙ በሬውን ያስከፍለዋል፣ ከአገርም ያስወጣዋል ተባለ። መሐላው ተጀመረ፤ ሰዉም እየማለ ይወጣ ጀመር። አንለይ ተራው ሲደርስ መስቀሉን ተሳልሞ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ያየሁት የለም ብሎ ማለ። አዛናው አጎቱን የጠላው ያን ጊዜ ነው፤ ራሱን ደግሞ ከአጎቱ አስበልጦ።

«አዛናው» አሉ ቄሱ። ደግ ሰው ናቸው፣ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቶሎ በልና ማል ልጄ። ፈጠን ካልህ ትደርሳለህ» አሉት።

እጁን ወደ መስቀሉ ዘረጋ። ፀሐይዋን አየ፤ በእርግጥም ይደርሳል። እጁን መለሰው።

«በጆሮዎ አልናገርም አባ። ሁሉም ይስማ።»

ቄሱ ሊያስቆሙት ከንፈራቸውን ነከሱ። እሱ ግን ወደ ሰዉ ዞሮ ነበር።

«አምና የአጎቴን ማሳ የለካሁበት ጠፍር እርጥብ ነበር፣ ተለጥጧል። የተገፋ ክንድ የለም። ስሕተቱ የኔ ነው፣ ከሐምሌ ጀምሮም አውቄዋለሁ። በዚያ ስሕተት የተነሣ በሬውን የቆረጠው አጎቴ አንለይ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ማንም እሰይ አላለውም። ከኋላ አንዱ «ደሙን ሸጠ» ሲል ተሰማ፤ ሌላው ሦስት ቀን ስላስቀመጣቸው ረገመው። አንለይ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ ሁለት ሰዎች ያዙት እንጂ ይደርስበት ነበር።

«የገፋው የለም?» አለ አንለይ። ያን ብቻ ነበር የሰማው የሚመስለው። «ዓመት ሙሉ በየፍርድ ቤቱ ደጅ ስዋል አንተ እያወቅህ?» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ከዛሬ ጀምሮ እህት እንጂ የእህት ልጅ የለኝም።»

ጭቃ ሹም ቢሻው ለአፍታ ግራ ተጋባ። ድንበር ገፊ የተባለበት ስም ነጽቷል፣ የበሬው ደመኛም ተገኝቷል፤ ሁለቱንም ያመጣለት የጠላው ልጅ ነው። ሊያመሰግን ነው ብሎ የጠበቀ ካለ ቢሻውን አያውቅም። ምስክር የወረዳው ዳኛ ቃሉን እስኪቀበል ድረስ፣ ማለት እስከ ሰኞ፣ ከዚህ ንቅንቅ እንደማይል ለሽማግሌዎቹ አስታወሰ፤ ደንቡም እንደዚያው ነው። ከዚያ ወደ ደሳለው ዞሮ «ምን ትጠብቃለህ?» አለው።

ደሳለው በቅሎዋ ላይ ወጣ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ሐሳቡን ቀየረና ወደ ወረታ መንገድ ገባ።

አዛናውን ማልቀስ አሰኘው፤ በእነዚህ ሰዎች ፊት ግን አላደርገውም ብሎ ጥርሱን ነከሰ። ቃሉን የሚጽፈው የአውጫጭኙ ጸሐፊ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እንዲቀመጥ ምልክት ሰጠው። ደብሬን እየፈቱት ነበር። ሸማኔው ገመድ ሆኖ የዋለውን ጋቢውን አራግፎ ለበሰና መጥቶ አዛናው ፊት ቆመ። አዛናው ምስጋና ይሆናል ብሎ አሰበ፤ እንዳይሆንም ፈራ፣ እንዲሆንም ፈለገ።

«ሦስቱንም ቀን ታውቅ ነበር» አለ ደብሬ።

ስለ አውቶብሱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ስድስቱ ልጆች የሚለው ነበረው። ሁሉም አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«አዎ፣ አውቅ ነበር።»

ደብሬ መንገዱን ቀጠለ። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ይጠብቃል።

«እሱንም ጻፈው» አለው አዛናው።