ያልፈረመችው ደብዳቤ

የተገናኙት ባንክ ቤት፣ አንድ መስኮት ፊት ነበር። እሷ ልትጀምረው ላሰበችው የጌም ንግድ ሂሳብ ልትከፍት፣ እሱ ለሠራው ጌም ከውጭ የተላከለትን ክፍያ ሊቀበል መጥተው። የመስኮቷ ሠራተኛ ቅጹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ «ቪዲዮ ጌም የሚባል የሥራ ዘርፍ እዚህ የለም» ብላ ሁለቱንም ባዶ እጃቸውን ሸኘቻቸው።

ውጭ ደረጃው ላይ ቆመው ተያዩ። እሱ እናቱ ቤት ቁጭ ብሎ ብቻውን ጌም የሚሠራ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር።

«ሰው ጌምህን ይወደዋል?» አለችው።

«መውደዱንስ ይወደዋል። መክፈያ ካርድ ያለው ግን ከመቶ አንድ ነው።»

«ስልክ የሌለው ሰው ግን የለም። መንገዱን እኔ እሠራዋለሁ።»

እንደ ዋዛ ከአፏ የወጣ ቃል ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ልቧ ሌላ ነገር አልያዘም። ከልብስ ሰፊ ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ተጫዋቾች ከስልክ ሂሳባቸው የሚከፍሉበትን ሥርዓት ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ዘረጋች። ጡረታ የወጡት መምህሩ አባቷ፣ «ልጄ፣ ሰው እንዴት በጨዋታ ይተዳደራል?» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍያ ያለፈው በእሱ ጌም ነው። ሊያይ መጣ፤ ስክሪኑን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ፍቅራቸው የጀመረው ያኔ ነው።

በአራት ዓመት ውስጥ አንዷ ክፍል ሙሉ ፎቅ ሆነች፤ በእሷ መንገድ የሚሸጡ ትንንሽ ጌም ሠሪዎች ሦስት መቶ አርባ ደረሱ። «እንጋባ» ሲላት፣ «ይህች ውል ትለቅ» አለችው። ውሏ አለቀች፤ ሌላ መጣች። ደግሞ ጠየቃት፤ «ይህችም ትለፍ» አለችው። ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም።

ቀጥሎ ከባሕር ማዶ አንድ ትልቅ ኩባንያ ድርጅቷን ልግዛ አለ። ሥራውን እዚያው ሆና ሦስት ዓመት እንድትመራ ግድ ነበር።

«አብረን እንሂድ» አለችው።

«የእናቴ ዓይን እየደከመ ነው። ጥያት አልሄድም።»

«እንግዲያው ልቅር?»

«አትቅሪ። ብትቀሪ ባየሽኝ ቁጥር የቀረብሽን ነው የምታስቢው። እንደዚያ እንድታዪኝ አልፈልግም።»

ሄደች። መጀመሪያ በየቀኑ ይደዋወሉ ነበር፤ ኋላ በየሳምንቱ፤ ከዚያ ወሬው እያጠረ ሄዶ ተቋረጠ።

በሁለተኛው ዓመት የገዛት ኩባንያ አለቃ አንድ ደብዳቤ አቀረበላት። ትንንሾቹ ጌም ሠሪዎች ትርፋቸው ከድካሙ ጋር ስለማይገናኝ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ አገልግሎቱ ይቋረጥባቸው ይላል። ከታች የእሷ ስም፣ ለፊርማ ክፍት ቦታ። በተያያዘው ዝርዝር መካከል ላይ የእሱን ስም አየች።

«እኔ ያመጣኋቸው ሰዎች ናቸው» አለች። «በእጄ አላባርራቸውም።»

«ፈረምሽም አልፈረምሽም ይዘጋል።»

«ይዘጋ። እኔ ግን ራሴ በአፌ ልንገራቸው።»

ሦስት ዓመቱ ሳይሞላ ከለቀቀች ከሽያጩ ያልተከፈላት ድርሻዋ እንደሚቀርባት እያወቀች ለቀቀች። ከዚያም አምስት ቀን ሙሉ ወደ እያንዳንዳቸው ደወለች። የሰደቧት አሉ፤ ያለቀሱ አሉ፤ አንዱማ እሷኑ ሲያጽናና ዋለ። የእሱ ስም ጋ ስትደርስ እየዘለለች አለፈች። በመጨረሻ እሱ ብቻ ቀረ።

«እኔ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ። ነገሩን ጓደኞቼ ነግረውኛል። ለምን መጨረሻ አደረግሽኝ?»

«ካንተ በኋላ ሌላ ሰው ማናገር ስለማልችል።»

ከወዲያ ማዶ የእናቱ ድምፅ ተሰማ፦ «ማን ነው?»

«እሷ ናት» አላቸው። ማንኛዋ ብለው አልጠየቁም።

በወሩ ወደ አገሯ ተመልሳ እናቱ ቤት ገባች። አሁን ዓይናቸው ጨርሶ አያይም። ፊቷን በጣታቸው ዳሰሱና «ከሳሽ፣ ልጄ» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «እኔን ሰበብ አደረገኝ። የእህቴ ልጅ ‘እኔ አለሁ፣ አንተ ሂድ’ ብላው ነበር። እምቢ ያለው ፈርቶ ነው። ሁለቴ ጠይቆ ሁለቴ ቆይ የተባለ ሰው፣ ሰው አገር ተከትሎሽ ሄዶ ደግሞ ቆይ እንዳይባል» አሉ።

እሱ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ።

ያን ሁሉ ጊዜ ያመማት የእሱ መቅረት ነበር። አሁን የእሷ «ቆይ» እሱን ምን ያህል እንዳመመው ገባት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው። «አሁን የምጠይቅህ እኔ ነኝ። ሥራ የለኝም፤ ከባዶ ነው የምጀምረው። ታገባኛለህ?»

ከበሩ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እጇን ያዘና በሁለት እጁ መካከል አደረጋት። እንባው ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

እናትየው ጆሯቸውን አቀኑ። «ምን አለ? አልሰማሁም።»

«እሺ አለ፣ እማማ» አለቻቸው።