ባዶው ክፍል ውስጥ የሚፈጨው

ስለ ጂን ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ዛሬም ሌላ ሰው ቢነግረኝ የማምን አይመስለኝም፣ ይሄን ግን በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ወላሂ ስልህ።

በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ጊዜ ነው። ቆቦ ላይ ጨው እነግዳለሁ፣ ግመሎቼ ሳር አጥተው ሳይወድቁብኝ ሸጥኳቸውና ገንዘቡን ምን ላይ ላውለው እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ባለቤቴ ዘሐራ ደግሞ "እናቴን ከዋጃ የማመጣበት ቤት ፈልግ" እያለች ትነዘንዘኛለች። ያኔ ነው ለተብርሃን የምትባል፣ ወላጆቿ ከትግራይ መጥተው ቆቦ የከተሙ ሴትዮ፣ ደሴ ልጇ ዘንድ ልትሄድ ስለሆነ የምታከራያቸውን ክፍሎች ልትሸጥ ነው ሲባል የሰማሁት፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር የተደረደሩ ሦስት ክፍሎች፣ አንዱ ለአማቴ፣ ሁለቱ ለኪራይ ብዬ በልቤ ጨረስኩ።

ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር ሄድኩ። ቤት ገዝቼ አላውቅም እኮ፣ ግን አዋቂ መስዬ ግድግዳውን በጡጫዬ እመታለሁ፣ ምስጥ ገብቶበት እንደሆነ ማገሩን እቧጭራለሁ፣ ቆርቆሮው ላይ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ እፈልጋለሁ። አንዱን አስተማሪ፣ አንዱን መካኒክ ተከራይቶታል፣ ሁለቱም ሥራ ሄደዋል። የጥጉ ክፍል ተቆልፏል። ግድግዳውን ልመታ እጄን ሳነሳ ከውስጥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲሄድ ሰማሁ፣ ሴት ስትፈጭ፣ ትንፋሿ ሳይቀር።

"እትዬ ለተ፣ ይሄን ማን ተከራይቶታል?"

"ማንም። ባዶ ነው።"

ቁልፉን ከፈተችው፣ ድምፁ ቀጥ አለ። ወፍጮ ቀርቶ ጠጠር እንኳ የለም። ወጥተን በሩን ስትገጥመው ድንጋዩ እንደገና መሄድ ጀመረ።

ለተብርሃን ክንዴን ጨበጠችኝ። "ትሰማለህ? እኔ እኮ ያበድኩ መስሎኝ ነበር።"

"ሰው ሞቶበታል?"

"ኧረ በማርያም! ማንም አልሞተበትም።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ማሽላ ነው የምትፈጨው፣ አይደል?" አለችኝ። ከገበያው እህል የሚባል ነገር ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፣ አስበው እስቲ።

ቤት ገብቼ ለዘሐራ ነገርኳት፣ ትስቃለች ብዬ፣ አልሳቀችም።

"እናቴ ዋጃ ላይ በረሃብ እየደከመች እኔ ድምፅ ልፍራ? ግዛው።"

ገዛሁት። አማቴን በጭነት መኪና አምጥተን እዚያው ጥጉ ክፍል አስገባናቸው፣ ሌሎቹማ ሰው አለባቸው፣ ድምፁም ጠፋ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሁሉ አዳመጥኩ፣ ምንም። ተገላገልን አልኩ።

በማግስቱ ስሄድ አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል።

"እማ፣ እንዴት አደሩ?"

"አልሐምዱሊላህ። እነዚህ ጎረቤቶች ግን አያርፉም፣ ሲፈጩ ነው ያደሩት።"

በዚያ በኩል ጎረቤት የለም። ሜዳ ነው፣ ከየአገሩ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ጨርቃቸውን አንጥፈው የሚተኙበት፣ በመሀላቸው አንድ እፍኝ እህል የሌለበት። ወጥቼ አየሁ፣ እንደ ወትሮው ተኝተዋል፣ የሚንቀሳቀስ እንኳ የለም። ስመለስ አማቴ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ።

"ስማ" አሉኝ፣ "ዛሬ ደግሞ በዝተዋል።"

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ምንም አልሰማሁም፣ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝም ይሄ ነው፣ እኔ መስማት ለምን አቆምኩ?