ጀርባውን የሰጠው ሰው

ልብስ ሰፊው ድሮ በቀናተኞች ይስቅ ነበር። ሳቁን ያስተወችው እሷ ናት። መጀመሪያ የመጣችው የቀሚሷ ዚፕ ተበላሽቶባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰበብ አላጣችም። እሱም ቢሆን ተመልሳ እንድትመጣ የቀሚሷን ቁልፎች ላላ አድርጎ ይተክል ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ ተፋቀሩ።

የጤና ጣቢያ ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት። ሐዘን የሰበራቸውን፣ እንቅልፍ የከዳቸውን አዛውንቶች ታናግራለች። «አላበድኩ፣ ሐኪም ጋ ምን አደርጋለሁ» የሚሉት ሁሉ ለእሷ የሆድ የሆዳቸውን ያጫውቷታል።

አንድ ሐሙስ አመሻሽ ሱቁ ገብታ ተቀመጠች። «እንደዚህ ማፍቀርም አለ ለካ» አለች።

«ማን ነው?»

«አልነግርህም።»

«ሐሙስ ሐሙስ የሚያስተክዝሽ ሰው እሱ ነዋ።»

«ያመነኝን ሰው ስም እንኳን ላንተ ለእናቴም አልነግርም።»

ቆሽቱ አረረ። ያ ሰው ወጣት ሆኖ ታየው፤ ረጅም፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ጥሩ ሱፍ የለበሰ።

«እንግዲያው ምረጪ፤ ወይ እሱ ወይ እኔ።»

ትኩር ብላ አየችው። «ነገ ያንተን ገመና ለሰው ባወራ ደስ ይልሃል?» ብላ ወጣች። ሳምንቱን ሙሉ ድርሽ አላለችም።

በሐሙሱ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። በጤና ጣቢያው አጥር አጮልቆ ሲያይ፣ ጓሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ጀርባውን የሰጠ ሰው አለ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እጁን ይዛዋለች። ደሙ ፈላ። ገብቶ ሊያዋርደው ሲል ዓይኑ ኮቱ ላይ አረፈ። ቡናማ ኮት፣ ኮሌታው ተገልብጦ በግራጫ ክር የተሰፋ። ቡናማ ክር አልቆበት በግራጫ የሰፋው ራሱ ነው።

አባቱ ናቸው። እናቱ ከሞቱ ወዲህ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ስለ ሐዘናቸው ሌላ ቃል ያልወጣቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ «ዳማ ልጫወት» ብለው የሚወጡት አባቱ።

እግሩን እየጎተተ ተመለሰ። ሲመሽ፣ «ዳማው እንዴት ነበር አባባ?» አላቸው።

«ተሸነፍኩ» አሉ።

በማግስቱ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቃት። ያየውን አልነገራትም፤ «ከእንግዲህ አልጠይቅሽም» ብቻ አለ። በሐዘኑ ምክንያት ሲያዘገየው የከረመውን ከአባቱ ጋር የመተዋወቂያ ቀንም ለእሑድ ቀጠረ።

እሑድ በሩን የከፈቱት አባቱ ነበሩ። ደነገጠች፤ የማን አባት እንደሆኑ አታውቅም ነበር። ወዲያው ግን እጇን ዘርግታ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል» አለች፣ ፈጽሞ እንዳላየቻቸው። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው ምን ዓይነት ሴት ሊያጣ እንደነበር ገባው።

ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ለልጄም አትሸጪኝ?» ወደ እሱ ዞሩ። «ሐሙስ ሐሙስ ዳማው ከእሷ ጋር ነው። እናትህን ነው የምናወራው።»

«ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሁለታችንም ቁጭ ብለን ካለቀስን ማን ሊሰፋ ነው?»

ሲሸኛት ደጃፉ ላይ ቆመ። «አሁንም ቀንቻለሁ» አላት።

«ደግሞ በማን?»

«ባንቺ። ለእኔ ያላሉትን ለአንቺ አሉሽ።»

ከኮቱ ላይ የክር ቁራጭ አነሳችለት። «የእኔ ሐሙስ ብቻ ነው። ሌላው ቀን ሁሉ ያንተ ነው» አለችው።

ሰኞ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘጋና የዳማ ገበታ ይዞ አባቱ ፊት ተቀመጠ።

«እሺ አባባ፣ ስለ እናቴ ያጫውቱኝ።»