ከነመቀመጫዋ የተነቀለችው ቆብ

ሳጅን ጸሐይነሽ ደክማ የደረሰችበትን ሁሉ ሌላ ሰው ሲፈርምበት ዘጠኝ ዓመት ሆናት። የይፋጉን የበሬ ሌባ ያገኘችው እሷ፣ የተሸለመው ሌላ። ርብ ዳር የተጣለውን ሕፃን እናት የለየችው እሷ፣ መዝገቡ ላይ የገባው የሌላ ስም። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፊደል የቆጠረችው በታጋይነቷ ዘመን በረሃ ውስጥ ዛፍ ሥር ነው። «የትምህርት ማስረጃሽን ይዘሽ ነይ» ይሏታል። ዛፍ ደግሞ ማስረጃ አይጽፍም።

ስለዚህ በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ አንድ ጧት፣ ምክትል ኢንስፔክተር ስማቸው «ሰው ሞቷል፤ ይምጡ» ብሎ ሲያስጠራት፣ ጉልበቷን እያሸች ቀስ ብላ ነው የተነሳችው።

የሞተው የኔነህ ነበር። በደብረ ታቦር መንገድ ላይ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን፣ ወረታ ውስጥ የማያውቀው የሌለ ሰው። ከሱቁ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰብሮ ደሙ በሲሚንቶው ላይ ደርቋል። በቀኝ እጁ ካቻቢቴ ይዟል። ከጠረጴዛው ላይ ለሕዝብ የሚያስደውልበት ገመድ አልባ ስልክ ሆዱ ተከፍቶ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬቱ ሳይነቀል ተቀምጧል።

«ኤሌክትሪክ ነው» አለ ስማቸው፤ ዲፕሎማውን ከያዘ ሁለት ዓመቱ ነው። «ሳይነቅል ከፈተው፤ ያዘው፤ ወደ ኋላ ወደቀና ሲሚንቶው ጨረሰው። የጤና ባለሙያውም ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው የሞተው ብሏል። እርስዎን ለእማኝነት ነው የጠራሁዎ።»

«ለእማኝነት» አለች ጸሐይነሽ። ደክሟት ስለነበር አልተከራከረችም። የሟቹን አጉሊ መነጽር አንስታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

አምና የጣቢያውን ስልክ ሲጠግን ባትሪ ያበራችለት እሷ ነበረች። የአንቴናው ቀጭን ሽቦ ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን፣ ከምስር የማትበልጥ ወርቅማ ቆብ አሳይቷት ነበር። «እትዬ፣ ይቺ እንደ ጃኬት ቁልፍ ናት» ብሏት ነበር። «ተጭነው ሲገጥሟት ቀጭ ትላለች። ስትወጣ ግን ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነው። ወደ ጎን ከፈነቀሏት እሷ አትለቅም፤ መቀመጫዋን ከቦርዱ ገንጥላ ትነሳለች። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ደንቆሮ ነው፤ አይደውል፣ አያስደውል።» ለዚህችው ሥራ ብሎ ጎረቤቱ ቀጥቃጩ ወንዴ ከጃንጥላ ሽቦ ጫፉ ቆልመም ያለ ቀጭን ሜንጦ ሠርቶለት ነበር።

አሁን ሜንጦው ግድግዳው ላይ ከምስማሩ ተንጠልጥሏል። ቆቧ ደግሞ መቀመጫዋን ጥርቅም አድርጋ እንደነከሰች፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ከቦርዱ ተገንጥለው በሽቦው ጫፍ ይወዛወዛሉ።

«ይህችን ነገር ማን አያት?» አለች።

«የቷን?»

«እንግዲያው አንተም አላየሃትም። በሩን ቆልፈው። ቀብሩም ይቆይ።»

«እትዬ ጸሐይነሽ! ርብ እየሞላ ነው። ደብራቸው ከማዶ ነው፤ ውሃው ከዘጋን ሬሳው ሊያድር ነው! ሕዝቡ ይበላናል።»

«እኔን ይብላኝ። ከተሳሳትሁ ዩኒፎርሙን አውልቄ እሰጥሃለሁ።»

መጀመሪያ ወንዴን አናገረችው። ክንዱ እስከ ክርኑ ከሰል ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ትናንት የሰማኸው ነገር አለ?»

«ምን እሰማለሁ እትዬ? በላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በታች እኔ ማረሻ እደበድባለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማን ገደለ ከተባለ ጣቱ ወደ እኔ ነው፤ መቼም ቀጥቃጭ ነኝ። ማረሻ ሲሰበር ወንዴ፣ ከብት ሲሞትም ወንዴ።»

«ዝም ብለህ መልስልኝ። ያችን የአንቴና ቆብ ማውጣት ትችላለህ?»

«ሜንጦውን ሠርቼ ሳልሞክረው? ሦስት ጊዜ ሰብሬ እኮ ነው የሠራሁት! አሁን ዓይኔን ጨፍኜ አወጣታለሁ።»

የሟቹ ሚስት ጥሩብርሃን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶ ቤቱ ጥግ ተቀምጣለች። ትናንት ርብ ማዶ ሩዝ ስታርም ውላ ዘመድ ቤት አድራ፣ ጧት ስትመለስ ነው ባሏን ያገኘችው። በሩ ላይ ሆና ጮኸች፤ ወንዴ ደረሰላት፤ ወደ ውስጥ የገባ ግን አልነበረም።

«ጠላት ነበረው?»

«ማን ይጠላዋል እትዬ? እሱ ሥራውን ነው የሚያውቀው። ዓይኑ ሲደክም እነዚያን ጥቃቅን ነገሮች እኔ ነበርሁ የማነሳለት።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ነገ የመሬት ክርክር ቀጠሮ ነበረን። ከወንድሜ ጋር፣ በአባታችን የሩዝ መሬት። ባሌ ነበር የሚቆምልኝ። እንግዲህ እኔ ዳኛ ፊት ምን አፍ አለኝ?»

ወንድሟ ሰውነት ከይፋግ የመጣው ሱቁ ከታሸገ በኋላ ነው። በይፋግ ስልክ ያስደውላል፤ ጫማው ንጹሕ፣ ንግግሩም ንጹሕ።

«ትናንት አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ከሱቁ ስልክ ደውሎልኛል» አለ፤ ሞባይሉን ዘረጋላት። ቁጥሩም ሰዓቱም አለ።

«አንተ የት ነበርህ?»

«ይፋግ፣ ቤቴ።»

«ምን አለህ?»

«ድምፅ ይቆራርጥብኛል፣ የአንቴናው ቆብ ላልቷል፣ ከፍቼ ላስተካክለው ነው አለኝ። አደራ ሶኬቱን ንቀል ብዬው ነበር። አልሰማኝም፤ ወይኔ አማቼ!»

ጸሐይነሽ ቃሉን በቀርፋፋ እጇ ጻፈችና መልሳ አነበበችለት። «ልክ ነው?» አለችው። «ልክ ነው» ብሎ ፈረመ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ያጉረመርም ጀመር። አባ ተክለ ማርያም በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ።

«ልጄ፣ ሬሳ መንገድ ላይ አይቆምም። ውሃው ደረት ደርሷል።»

«ይፍቱኝ አባ፤ ጥቂት ይታገሡኝ።» ወንዴን፣ ጥሩብርሃንንና ሰውነትን ከፊቷ አቆመች። ስማቸው ከጎኗ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። ጸሐይነሽ ከስልኩ ቆርጣ በብጫቂ ወረቀት የጠቀለለችውን ፈታች፤ በመዳፏ ላይ አንዲት ምስር የምታህል ነገር ብልጭ አለች።

«የኔነህን ኤሌክትሪክ አልገደለውም» አለች። «ስልኩን የከፈተው እሱ አይደለም። እሱ ቢሆን ይህችን በሜንጦ ቀጥ አድርጎ ያነሳት ነበር። ሜንጦው ከምስማሩ አልወረደም። በካቻቢቴ ነው የተፈነቀለች። እንዲህ የሚያደርግ የማያውቅ እጅ ነው። ወንዴ ያውቃል፤ ሜንጦውን የሠራው እሱ ነው። ጥሩብርሃንም ታውቃለች፤ ባሏን ስትረዳ ኖራለች።»

«እኔ መጠገን አላውቅም ማለት ገዳይ ነኝ ማለት ነው?» አለ ሰውነት። «እንዲህማ ከሆነ ፎገራን በሙሉ እሰሩት!»

አንዳንዱ ፈገግ አለ። ጸሐይነሽ አልሳቀችም።

«አይደለም። አንተን የያዘህ አፍህ ነው። ቆቧ ላልታለች ብሎ ደወለልኝ ብለሃል፤ ፈርመሃል። እያት። መቀመጫዋን ነክሳ ይዛለች። ቦርዱ ሲገነጠል እሷ አልለቀቀችም። ይህች ናት የላላች? እሱ ይህን ሊልህ አይችልም፤ ውሸት ነውና። ታዲያ እንኳን አንተ፣ አለቃዬም ያላያትን ቆብ ከየት አመጣሃት?»

ስማቸው መሬት መሬት አየ።

«ሊሆን… ቃሉን ተሳስቼ…» አለ ሰውነት።

«ቆይ። ጥሪው እውነት ነው። የሱቁ ስልክ አሥር ከሃያ ላይ ደውሏል። ይህች ከተነቀለች በኋላ አይደውልም፤ እንግዲህ መጀመሪያ ተደወለ፣ ኋላ ተነቀለች። የኔነህ ደውሎልህ ቢሆን እውነተኛ ቃሉን ትነግረን ነበር፤ እሱ ግን ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ነበር። በአንድ እጅህ የሱቁን ስልክ መታህ፣ በሌላው ያንተን ሞባይል አነሳህ። አንዱ ሰው ሁለቱን ጆሮ ሆነ። ከዚያ አደጋ ይምሰል ብለህ ስልኩን ከፈትህ፣ ካቻቢቴውን እጁ ላይ አደረግህ። ሽቦው አልላቀቅ ሲልህ ፈነቀልኸው። ዛሬ ስትጠየቅ ደግሞ የተነቀለውን ስላየህ፣ ላላ ብሎኝ ነበር አልህ።»

«ይፋግ ነበርሁ ብያለሁ!»

ጥሩብርሃን ቀና አለች። ድምፅዋ የለቅሶ አልነበረም።

«ሰውነት፣ ለሚስትህ ልደውልላት? ትናንት የት ዋለ ልበላት?»

ዝናቡ እንደገና ማንጠባጠብ ጀመረ።

«አትደውይላት» አለ ሰውነት።

«ወንድሜ…»

«መሬቱ የአባቴ ነው! ረግረግ ሳለ ዘወር ብሎ ያየው አልነበረም። ሩዝ ሲያበቅል ያንቺ ባል ዳኛ ፊት ቆመበት። ተው ብዬ ልለምነው ነው የሄድሁት። ፊቱን አዙሮ ሥራውን ቀጠለ። ወረቀት የሚጭንበት የሚዛን ብረት አጠገቤ ነበር፤ አንስቼ መታሁት።»

ሁለት ፖሊሶች እጁን ያዙት። አባ ተክለ ማርያም አማተቡ፤ ጸሐይነሽም ለወንዴ «ወደ ቃሬዛው ና፤ ተሸከም» አለችው። አንዱን ጫፍ ያዘ፤ የከለከለው አልነበረም። ቀብሩ ርብን በደረት ውሃ ተሻገረ።

ማግሥቱን ጧት ስማቸው በትሕትና መጣ። «እትዬ፣ መዝገቡን ይስጡኝ። እኔ በወግ በወጉ አድርጌ ልጻፈው፤ እርስዎ ይረፉ።»

«አልሰጥም።»

«የጽሑፉ ነገር እኮ…»

«የተጣመመ ፊደል ካለ፣ ከእኔ ስም በታች አቃናው።»

ጻፈች። መስመሩ ወደ ታች ተንጋደደ፤ ሁለት ወረቀት ቀደደች፤ ጣቷ ደነዘዘ። ሰባት ሰዓት ላይ ከመጨረሻው ገጽ ሥር «መርማሪ፣ ሳጅን ጸሐይነሽ» ብላ ሙሉ ስሟን ጻፈችና ፈረመች። ከዚያ ለማንም ሳትናገር ደብረ ታቦር በሚሄደው መኪና ተሳፈረች። በዞኑ ፖሊስ መዝገቡን ለሚቀበለው መኮንን በእጁ ሰጠችው። እሱም ገለጥ አድርጎ፣ «ማን ጻፈው? እጁ የተማሪ ነው» አለ።

«እኔ ነኝ» አለችው። «መቀበልህን እዚህ ላይ ፈርምልኝ።»

እስኪፈርም ድረስ ቆማ ጠበቀችው።