የጓድ መኩሪያ ገመድ

«ማነጣጠሪያዋን ለሃምሳ ሜትር አይደለም የምታስተካክሉልኝ፤ ልክ ለገመዱ ርዝመት ነው!» አለ ጓድ መኩሪያ፣ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ አዛዥ። የተጠቀለለ የቃጫ ገመድ ካመጣት ትንሽ ጠመንጃ ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፈገግ አለ። «የቀበሌው አዳራሽ ጣሪያ ላይ የሚያርፉት አሞሮች ሰልችተውናል። ይቺ ደግሞ ድምጿ ትንሽ ነው፣ ሰፈር አትረብሽም። አመሻሽ ላይ እወስዳታለሁ።»

የጫልቱ አባት አቶ ዋቅቶላ ጠመንጃ ጠጋኝ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ግን ተኩሳ የምታስተካክልላቸው የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጃቸው ናት። በዚህ ሥራዋ ትኮራለች፤ እንዲያውም ጉራ ቢጤ አለባት።

ከላፍቶ በታች ወዳለው የድንጋይ ካባ ወረዱ። ጫልቱ ገመዱን ዘርግታ ጫፉ ጋ ካርቶን አቆመች። አርባ ሜትር እንኳ አይሞላም። ማነጣጠሪያውን አስተካክላ ሦስት ጊዜ ተኮሰች። ጠመንጃዋ ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ ያህል ብቻ ቀጭ ትላለች፤ ካባው እንኳ መልሶ አላስተጋባም። ሦስቱም ጥይቶች መሀሉን በስተውታል።

«አባባ፣ አሞራ እኮ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ለምን በገመድ ይለካዋል?»

«አንቺ ብቻ ገመዱን ጠቅልይ» አሉ አቶ ዋቅቶላ።

ገመዱን ስትጠቀልል ጣቷ ላይ የሆነ ነገር ተጣበቀ። ጫፉን ያልደረቀ አረንጓዴ ቀለም ነክቶታል። ጥፍሮቿን አየች፤ ያው ቀለም ነው። ትናንት ከጓደኛዋ ከአስቴር ጋር የእነአስቴርን የግቢ በር ሲቀቡ የነካት። በሰፈሩ ሌላ አረንጓዴ በር የለም። በሩ ደግሞ ከቀበሌው አዳራሽ መስኮት ፊት ለፊት ነው። የአስቴር ወንድም ጌቱ ስሙ በየስብሰባው «ፀረ አብዮት» ተብሎ መነሳት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ሁልጊዜ ሲመሽ በዚያ በር ይገባል።

እነአስቴር ተኝተው ሳለ አንድ ሰው ያንን ገመድ ከአዳራሹ መስኮት እስከ በሩ ዘርግቶ ሲለካ ታያት።

«አባባ፣ ለሩቅ የተስተካከለ ጠመንጃ ቅርብ ሲተኮስ ምን ይሆናል?»

«ጥይቱ ከላይ ያልፋል» አሉ አቶ ዋቅቶላ ቀስ ብለው።

ጫልቱ የተበሳውን ካርቶን ለጓድ መኩሪያ ማሳያ አስቀመጠችው። ከዚያ መፍቻውን አንስታ የማነጣጠሪያውን ብሎን ማዞር ጀመረች። ከተነቃባቸው እሷም አባቷም እንደማይተርፉ ታውቃለች፤ በጣም ፈርታለች።

«ለስንት ሜትር አደረግሽው?»

«ለመቶ» አለች። «ከዚያ በጓሮ በኩል እነአስቴር ቤት ደርሼ እመጣለሁ።»

አቶ ዋቅቶላ የገመዱን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«መቶ አይበቃም» አሉ። «ሁለት መቶ አድርጊውና ሩጪ።»