ሦስት ሲጫኑት ስምንት

ኮምቦልቻ ገበያ መሐል ሸረፈዲን የሽንኩርቱን ዘንቢል ከጣይባ ተቀበለ። አልተያዩም።

«ሀምዱ ማሳያውን ተወው ብሎሃል» አለችው። «የቁጥር ቁልፎቹን ብቻ ከሬዲዮው ጋር አገናኝ።»

ተለያዩ።

ሐረጎ ኬላ ላይ ወታደሩ ዘንቢሉን ሳይነካ አሳለፈው።

ደሴ ፒያሳ ሸረፈዲንን የሚያውቀው በሬዲዮ ጠጋኝነቱ ነው። ለታጋዮቹ ግን «ዝግባ» ነበር። ወደዚህ ሥራ ያስገባው አለቃው ሀምዱ ነው፤ ልጅ ሆነው በአንድ መድረሳ አብረው ቁርኣን ቀርተዋል።

ቦሩ ሜዳ መንገድ ላይ የደርግ ጦር አድፍጧል። ተራራው ላይ ያሉት ታጋዮች ይህን አያውቁም። ሲመሽ ከዝግባ አንድ ቁጥር ይጠብቃሉ። ሦስት ከሆነ ይወርዳሉ። ስምንት ከሆነ ይቀራሉ።

ደሴ ገብቶ የጥገና ሱቁን ከውስጥ ቆለፈ። ከሽንኩርቱ ሥር የቁጥር ሰሌዳውንና ትንሿን የመስታወት ማሳያ አወጣ። ዐሥር ቁልፍ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሽቦ። ከሬዲዮው ጋር አገናኛቸው። ሳይሞክር የለቀቀው ዕቃ ስለሌለ ማሳያውንም ጨመረበት።

አንድን ተጫነ። ትንሿ መስታወት ላይ አንድ በራ። ሁለትን ተጫነ። ሁለት በራ።

ሦስትን ተጫነ።

ስምንት በራ።

ስምንትን ሲጫን ደግሞ ሦስት። ሌሎቹ ሁሉ ልክ ናቸው። ሰሌዳውን ገለበጠው። የሁለቱ ሽቦዎች ብየዳ አዲስ ነው፤ ጥንቅቅ ያለ። የማን እጅ እንደሆነ አወቀ። ሀምዱን ብየዳ ያስተማረው እሱ ራሱ ነው።

«ቅሩ» ብሎ ቢልክ «ውረዱ» ይደርሳቸው ነበር። ያልቁ ነበር። ያስፈጃቸውም ዝግባ ይባል ነበር።

ሽቦዎቹን ነቅሎ በየቦታቸው በየዳቸው። ስምንትን ተጫነ። ስምንት በራ።

ላከው።

በሩ ተንኳኳ። ሀምዱ ነበር፣ መላኩን ሊያረጋግጥ የመጣ። መስታወቱን ሲያይ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«ማሳያውን ተወው ብዬህ ነበር።»

«ለምን፣ ሀምዱ?»

ካለፈው ወር ጀምሮ ለደኅንነቶች እንደሚሠራ ነገረው። ጫማውን አውልቆ የተገረፈ ውስጥ እግሩን አሳየው።

«በጓሮ ውጣ» አለ። «እየመጡ ነው።»

«ጣይባስ?»

«ከገበያው ስትወጣ ይዘዋታል። የጠቆምኳት እኔ ነኝ።»

ሸረፈዲን አልመታውም። ሬዲዮውን ሰባብሮ ወጣ።

ታጋዮቹ አልወረዱም፤ ተረፉ። ጣይባ አልተመለሰችም።

ከወራት በኋላ ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ ሸረፈዲን፣ አሁን በሺር የሚባል ጢማም ሰው፣ ጆንያ ያራግፋል። አንዲት እናት ፎቶግራፍ ይዘው ወዛደሮቹን በየተራ ይጠይቃሉ። የጣይባ እናት ዘሀራ ናቸው።

«በአላህ ልጄ፣ ይቺን አይተሃታል?»

ዘበኛው ከጎን ቆሞ ያዳምጣል።

«አላውቃትም፣ እናቴ» አለና ለሚቀጥለው ጆንያ ጎንበስ አለ።