ምላሱ የታሰረ ደወል

ማክሰኞ፣ ጥር አምስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ቬርና ለአባቷ ለሚስተር አልፊየስ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝና ቦሎቄ ይዛ ወደ ዱር እንስሳት መጠለያው አትክልት ቦታ ስትገባ፣ ከደወሉ ምሰሶ ሥር ሞተው ተጋድመው አገኘቻቸው። ግራ እጃቸው እባብ ነድፎት እስከ ክርናቸው አብጧል። ቀኝ እጃቸው ግን የደወሉን ገመድ እንደጨበጠ ቀርቷል።

በዚያ የዱር እንስሳት መጠለያ እባብ የነደፈው ሰው ደወሉን ሦስት ጊዜ ይመታል፤ መድኃኒቱም ከቢሮው በሩጫ ይደርስለታል። ሚስተር አልፊየስ ደግሞ ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምናቸው ወዲህ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም። ከደወሉ በቀር ሰው መጥሪያ አልነበራቸውም።

የደወሉ ምላስ በጨርቅ ተጠፍንጎ ታስሯል።

የጎብኚዎች መርከብ ሊሞን ወደብ በሚገባበት ቀን ይታሰራል፤ እንግዶቹ በጨዋታ እየደወሉ ስላስቸገሩ። የማሰሩ ሥራ የዴንዚል ነው፤ የእንስሳቱ ጠባቂ፣ የቬርና ወንድም።

መርማሪዋ ያዲራ ኡማኛ ስትደርስ ዴንዚል በፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቬርና ክንዷን ያዘቻት።

«ወንድሜ አላሰረውም። አባቴን ቀብሬ እሱን ደግሞ እስር ቤት ልጠይቅ?»

«ቆይ፣ እህቴ። መጀመሪያ ደወሉን ልየው።»

መሰላል አስመጥታ ወጣች። ጨርቁን ፈትታ እጥፋቱን በጣቶቿ ዳሰሰች። ከዚያ ወደ እንስሳቱ ቤት ሄዳ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው የሚኖሩትን ዘገምተኛ እንስሳት፣ ስሎዞቹን፣ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተች። አስጎብኚው ኦርቪል ተከተላት።

«እመቤቴ፣ ከእነሱ ቃል ለመቀበል እስከ ገና መጠበቅ ሊኖርብሽ ነው።»

«ቃላቸውን ሰጥተውኛል» አለችው።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ለእንግዶች ፍራፍሬ በተደረደረበት ዳስ ሰበሰበች። ዴንዚልንም አስመጣችው። ሥራ አስኪያጇ ሚስ ኔሬይዳ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

«ሥራው ነው፤ ያሰረው እሱ ነው። እኔ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከሬዲዮው አጠገብ አልተነሳሁም።»

«የሌሊቱ ዝናብ መቼ አባራ?»

«ልክ አሥራ ሁለት ላይ» አለ ኦርቪል።

«መርከቡስ?»

«በማዕበል ምክንያት በጠዋቱ ፈንታ ሰባት ሰዓት ላይ እንደሚገባ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሬዲዮ ተነገረ። ከዴንዚል ጋር ሻይ እየጠጣን ነው የሰማነው። ‹ፂምህን የምትላጭበት ጊዜ አገኘህ› ብዬዋለሁ።»

«ጓደኛው ነህ፤ ያንተ ቃል ብቻውን አይበቃኝም» አለች መርማሪዋ። «ምሰሶው ክዳን የለውም፤ ጨርቁ ግን እስከ ውስጡ ደረቅ ነው። ስለዚህ የታሰረው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ያሰረው ሰው የመርከቡን መዘግየት አልሰማም፤ ቢሰማ ኖሮ በጠዋት አያስረውም ነበር።»

«እንግዲያ ዴንዚል ነዋ ያልሰማው!» አለች ኔሬይዳ።

«በመርከብ ቀን ስሎዞቹ የሚመገቡት ቀይ አበባ እንግዶቹ ፊት እንዲበሉት ይቆያል። ዛሬ ግን በጠዋት በልተው ተኝተዋል፤ የተረፈው የአበባው ዘንግ ብቻ ነው። ያበላቸው ጠባቂያቸው ዴንዚል እንግዳ ቶሎ እንደማይመጣ ያውቅ ነበር።» ከትሪው የጠቆረ የሙዝ ቁራጭ አነሳች። «ሚስ ኔሬይዳ፣ ይህን የቆረጡት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ለሰባት ሰዓት እንግዳ በጠዋት ሙዝ ይቆረጣል? ሬዲዮው አጠገብ አልነበሩም። ዝናቡ ሲያባራ ዴንዚል አለማሰሩን አይተው ራስዎ አሰሩት፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገቡ። የወጥ ቤቱ መስኮት ደግሞ ፊት ለፊት የሚያሳየው ደወሉን ነው።»

ኔሬይዳ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ሚስተር አልፊየስ በመርከብ ቀን ሁሉ ይፈቱት ነበር» አለች። «‹የታሰረ ደወል ምን ይሠራል› እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ገመዱን ሲጎትቱ አየሁ። እንደ ልማዳቸው ሊያናድዱኝ መሰለኝ። መስኮቱን ዘጋሁት።»

ቬርና ቀረበቻት።

«ስንት ጊዜ ጎተተ?»

ኔሬይዳ ፊቷን ወደ ደወሉ አዞረች።

«አባቴ ስንት ጊዜ ጎተተ ነው ያልኩሽ!»

«ሦስት ጊዜ። ቆም አሉና… እንደገና ሦስት ጊዜ።»

ዴንዚል ከቀትር በፊት ተለቀቀ። መርከቡ ሰባት ሰዓት ላይ ወደብ ገባ፤ የመጡት ሰማንያ ሁለት እንግዶች በመጠለያው ፈንታ ወደ ባሕር ዳርቻ ተወሰዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ደወል ታስሮ አያውቅም።